ከሰል ቤት አስገብቶ የሚተኛ ጎረቤት፦ ለሰሜን ሸዋ ደገኛ የሚሆን መመሪያ

ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ መንዝ ወይም ወደ ጣርማበር አናት ሲወጣ ብርዱ ይብሳል። ስለዚህ ሰው ቤቱን ማሞቁ አይገርምም። የሚያሳስበው አሟሟቁ ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ከሰል አቀጣጥሎ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፎ ይተኛል። ሌላው በቀጭን ገመድ ላይ ባለ ክር የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰክቶ ያድራል። ሌላው ደግሞ ብየዳ ቤት ከበርሜል ያሠራውን ምድጃ ጭስ ማውጫ በኮርኒስ ቀዶ ያወጣል። በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ ከሆነ ጣጣው የእናንተም ነው።

ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሳል። ጎረቤታችሁ ያነደደው በርዶት ነው። ብርዱን የሚያስታግስበት ሌላ ነገር ሳይዝ "አጥፋ" ብቻ ከተባለ እናንተ ፊት ያጠፋል፣ ሌሊት ደብቆ ያነዳል፤ ተደብቆ የሚነድ ደግሞ በሩና መስኮቱ ይበልጥ ተዘግቶ ነው። ይህ ደንብ የማይሠራበት ጊዜ ቢኖር ሰው ቀድሞ ከታመመ ብቻ ነው። ከእሱ እንጀምር።

አንደኛ፦ የዛሬ ሌሊት ጉዳይ መሆኑን ለዩ

ከከሰል የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አይን አያቃጥልም። ስለዚህ "አልሸተተኝም" ማለት ምንም ማለት አይደለም። የምታውቁት በሰዎቹ ሁኔታ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ ግራ መጋባት። ምች ወይም ጉንፋን ይመስላል። ልዩነቱ እነሆ፦ ጉንፋን አንዱን ቀድሞ ሌላውን በኋላ ይይዛል፤ ይሄ ግን ቤት ውስጥ ያሉትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይይዛል፣ ውጭ ወጥተው ትንሽ ሲቆዩ ይቀላቸዋል፣ ትኩሳትም የለውም። ድመቷ ወይም ውሻው አብሮ ከደከመ ጥርጣሬ አያስፈልግም።

ጎረቤታችሁ ማታ ከሰል እንዳስገባ ታውቃላችሁ፤ በማለዳ የሚነሳ ሰው ረፍዶም አልተነሳም፤ በር ሲንኳኳ መልስ የለም። እዚህ ላይ ይሉኝታ ቦታ የለውም። "ደክሞት ተኝቶ ይሆናል፣ ልረብሸው አይገባም" ብሎ የሚቆም ሰው ብዙ ነው። ጮክ ብላችሁ ጥሩ፣ ግቢውን አስነሱ፣ በሩን አስከፍቱ፤ ካልተከፈተ ስበሩት። የበር ዋጋ በኋላ ይታሰባል።

በሩ ሲከፈት ዘላችሁ አትግቡ። በርና መስኮት ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ከውጭ አየር ሳቡ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ ግቡና የቀረበውን ሰው ጎትታችሁ አውጡ፤ ወጥታችሁ ተንፍሳችሁ ተመለሱ። አንድ ሰው ብቻውን አይግባ፤ አድን ባይ ሆኖ ገብቶ እዚያው የቀረ አለ። ማንደጃውን ማውጣት ሰው ከወጣ በኋላ ነው።

የወጣውን ሰው ንጹሕ አየር ላይ አድርጉት፣ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ራሱን ካላወቀ ግን የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ካልተነፈሰ ደረት መጫን የሚያውቅ ወዲያው ይጀምር። ወተት፣ ውሃ፣ ሎሚ ምንም በአፉ አትጨምሩ፤ ራሱን የሳተ ሰው ትን ይለዋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። ጤና ተቋም ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት "ከሰል ተቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት አድረዋል" የሚለውን ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ጊዜ ደህና የሚመስል ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል ሐኪሙ ነገሩን ከእናንተ ቢሰማ ይሻላል። ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ደም ውስጥ የገባው ጋዝ በተራ አየር ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ በኦክስጅን ጭንብል ግን ከ1 ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። "አሁን ተሽሎኛል፣ ቤቴ ልተኛ" የሚል ሰው እንኳ መታየት አለበት፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳትና የጠባይ ለውጥ የሚመጣበት አለ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ እሷ ደህና ብትመስልም ፅንሱ ይበልጥ ይጎዳል።

ከኤሌክትሪክ እሳት ከተነሳ መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር ጣሉ፤ ኃይል ሳይቋረጥ ውሃ አትድፉ፣ የተያዘ ሰውም በእጃችሁ አትንኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ካልተፈጠረ ጉዳዩ የነገ ነው። ለነገ ጉዳይ በሌሊት በር አይንኳኳም።

ሁለተኛ፦ የሚነደውን ነገር በትክክል እወቁ

ሳታውቁ ከሄዳችሁ በአንድ ጥያቄ ትመለሳላችሁ። ጎረቤት ሦስት ዓይነት ክርክር ያመጣል፤ ሦስቱም ስለ ከሰል ናቸው።

"ጭሱን ውጭ ጨርሶ ነው የማስገባው፤ ንጹሕ ፍም ነው።" ጭስ የሌለው ፍም ነው ችግሩ። ከሰል ቀልቶ ሲግም አየር በበቂ ስለማያገኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጭሱ ስለጠፋ ደግሞ ሰውን አስነጥሶ የሚያስወጣ ነገር አይኖርም። አመድ አልብሶ ረመጥ አድርጎ ማሳደርም ያው ነው፤ እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይወጣል። አጠገቡ ውሃ በጣሳ ማስቀመጥ ጋዙን አይዘውም።

"መስኮት ገርበብ አደርጋለሁ።" ያቃልል ይሆናል፣ ዋስትና ግን አይሆንም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፦ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት መስኮቱን ገርበብ አድርጎ የተኛ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ ይዘጋዋል።

"አባቶቻችን እሳት ዳር ተኝተው አደጉ።" ይህኛው ክርክር ክብር ይገባዋል፣ ምክንያቱም እውነት ነው። ግን የእነሱ ቤት የሣር ክዳን ነበረው፤ ጭሱ በሣሩ መሐል ሲወጣ ይታይ ነበር። የሚነደውም በአብዛኛው እንጨትና ኩበት ስለነበር ሲበዛ አይን አስለቅሶ ሰውን ወደ ደጅ ይነዳ ነበር። የዛሬው ክፍል ሦስት በአራት ሆኖ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ኮርኒስ ተመቶበታል፣ ግድግዳው ተለስኗል፣ መስኮቱ መስታወት ነው። የሚያስገቡት ደግሞ ጭስ የሌለውን ከሰል ነው። ቤቱም ነዳጁም ተቀይሯል።

ከፍታውንም አትርሱ። እዚህ ቁመት ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ሰው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ላይ የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቀው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። ከሚያንሰው ላይ ነው የሚቀማው።

ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በጋራ ኮርኒስ በኩል ወደ ጎረቤት ክፍል ያልፋል። ተከታታይ የኪራይ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ግድግዳቸው ኮርኒሱ ጋ ይቆምና ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም አንድ ነው። ከሰል ያላነደደው ተከራይ ራሱን አሞት የሚነሳበት ምክንያት ይሄ ነው፤ ስለዚህም ነው ጉዳዩ "ጣልቃ መግባት" የማይሆነው።

ሁለት አጋጣሚ ለብቻ ይታይ። አንደኛው አራስ ቤት ነው፤ ንፋስ እንዳይገባ ተብሎ በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ተጥሎ፣ ማንደጃ እግርጌ ይቀመጣል። ሁለተኛው የማታ ቡና ነው። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ፣ ሰው ተበትኖ፣ ማንደጃው ጥግ ላይ ተረስቶ ያድራል፤ ማንም ቤት ላሞቅ ብሎ አላስገባውም።

ኤሌክትሪኩ ዘንድ ሒሳቡ ቀላል ነው። 2,000 ዋት የሚበላ ምድጃ በ220 ቮልት 9 አምፒር ገደማ ይስባል። ሦስት ተከራዮች በአንድ ማታ ቢሰኩ 27 ይሆናል፤ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ይህን አይችልም። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ ትልቅ ብሬከር የሚቀይር ወይም በፊውዝ ፋንታ ሽቦ የሚቋጥር አለ። ብሬከሩን ማተለቅ ገመዱን አያወፍረውም፤ ብሬከሩ መውደቁን ሲያቆም ኮርኒስ ውስጥ ያለው ገመድ መጋል ይጀምራል። ምልክቱ፦ ሰው ሲሰካ የእናንተ አምፖል ይደክማል፣ ሶኬቱ ሲነካ ይፈጃል፣ የላስቲክ መቃጠል ይሸታል። የእኛ አገር ልዩ አደጋ ደግሞ አለ። መብራት ሲጠፋ ምድጃው ተሰክቶ ይረሳል፤ ልብስ ይሰጣበታል፤ ሰው ወደ ሥራ ይሄዳል፤ መብራቱ ቀን ይመጣል።

የበርሜል ምድጃ ጭስ ማውጫ ካለው ከማንደጃ ይሻላል፤ ክፋቱ መውጫው ላይ ነው። ቧንቧው ኮርኒሱን ወይም ማገሩን ሲነካ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ተማግዶበት ውስጡ ጥላሸት ሲጠራቀም፣ ጫፉ በጎረቤት መስኮት ወይም በጭድ ክምር ትይዩ ሲሆን ነው የሚፈራው። ጫፉ ከቆርቆሮው ወደ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ በውስጥ በኩል የሚቃጠል ነገር ከምድጃው አንድ ሜትር ይራቅ።

ሦስተኛ፦ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ

ለንግግሩ የሚጠቅማችሁ ትልቁ ዝግጅት ይህ ነው። ብርድ የሚገባው ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከመሬትም ነው። ሲሚንቶ ላይ በስስ ፍራሽ የተኛ ሰው ሦስት ብርድ ልብስ ቢደርብ አይሞቀውም። ከሥር አጎዛ ወይም ካርቶን ተነጥፎ ከላይ የመንዝ ባና ከተለበሰ ግን የከሰሉ ፍላጎት ይቀንሳል። ባና ከባድ ነው፣ ለለመደው ሰው ግን እሳት አያስመኝም። የግቢው ሰው አዋጥቶ ለአንድ አቅመ ደካማ አንድ ባና ቢገዛ ከጥቅምት እስከ ጥር ከሚነደው ከሰል ጋር ዋጋውን አስተያዩት።

የሞቀ ውሃ ሌላው መንገድ ነው። ውሃውን ውጭ ወይም ማዕድ ቤት አፍልቶ፣ ትንሽ በረድ አድርጎ፣ ፋርማሲ በሚሸጠው የላስቲክ ከረጢት ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግርጌ ማድረግ። ለሕፃንና ለሽማግሌ ቆዳ ሳይጠቀለል አይሰጥ፣ ያቃጥላል።

በር ሥር ያለውን ክፍተት መድፈን፣ የጭቃውን ስንጥቅ በጭድ ጭቃ መምረግ ቤቱን ያሞቃል። አንድ ነገር ግን አስረግጣችሁ ንገሩ፦ የተደፈነ ቤት ውስጥ ከዚያ በኋላ ከሰል አይገባም። ሁለቱን አብሮ ማድረግ ሳይደፈን ከማንደድ ይብሳል።

ኤሌክትሪክ ማሞቂያ የግድ ከሆነ በቀጥታ ግድግዳ ሶኬት ላይ፣ ኤሌክትሪሺያኖች 2.5 በሚሉት ገመድ፣ ያለ ማከፋፈያ፣ ከመኝታ በፊት አንድ ሰዓት ሞቆ ሲተኙ ይነቀል። በግቢው በተራ መሰካት ደግሞ ይቻላል፤ ያስቃል፣ ግን ብሬከሩ አይወድቅም።

አራተኛ፦ ንግግሩ

ቀን ሂዱ፣ በተለይ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ቡና ላይ። በሰው ፊት አትጀምሩት። "ትሞታላችሁ" የሚለውን ቃል አፋችሁ ላይ አታምጡ፤ "ምን ያሟርትብኛል?" ተብሎ ነገሩ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ የምትናገሩት አይሰማም። ከብርዱ ጀምሩ፣ ከራሳችሁ ጀምሩ።

ለአረጋዊት ጎረቤት፦ "እማማ፣ ብርዱ እንዴት አደረገዎ? እኔንማ ትናንት ሁለት ብርድ ልብስ አልበቃኝም። ማንደጃዋን ማታ ሲጨርሱ እኔ ላውጣልዎት፤ ውሃውን ደግሞ እዚያው ላይ አሙቄ ለእግርዎ ላምጣ።" እዚህ ውስጥ ክስ የለም። ማንደጃዋ ግን ትወጣለች። ማታ ማታ በእርግጥ መሄድ አለባችሁ፤ ሁለት ቀን ሄዶ ከሚቀር ጭራሽ ባይናገረው ይሻላል።

ለወጣት ተከራይ ወይም ለተማሪ፦ "ወንድሜ፣ ሰሞኑን ጠዋት ራሴን እያመመኝ ነው፤ ኮርኒሱ አንድ ስለሆነ ከሰሉ ወደ እኔ እየመጣ ይመስለኛል። አንተንስ አላመመህም?" ጥያቄው ላይ ዝም በሉ። አብዛኛው ሰው አሞታል፣ ከምን እንደሆነ ግን አላሰበም።

በዕድሜ የሚበልጣችሁን ወንድ "ጋሼ" ብላችሁ፣ ከተቻለ በሚያከብረው ሰው በኩል ቅረቡ። አራስ ቤት ከሆነ ነገሩን ለባል ሳይሆን ለአራሷ እናት ወይም ለጠያቂ ሴቶች ንገሩ፤ እዚያ ቤት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አራስ ልትጠይቅ ስትመጣ ብትናገረው ደግሞ ከማንኛችንም በላይ ይሰማል።

ማንደጃ የሚያወጣ ሰው የት እንደሚያስቀምጠውም ይወቅ፦ ባዶ መሬት ላይ፣ ከጭድ ርቆ፣ ከማንም መስኮት ሥር ሳይሆን። አመዱ በላስቲክ ባልዲ አይደፋ፤ ውስጡ ያለ ፍም እስከ ነገ ይቆያል።

አምስተኛ፦ ካልሰማ

ተከራይ ከሆነ አከራዩ ዘንድ ሂዱ። አከራይ ስለ ጤና ሲወራ ላይሞቅ ይችላል፤ ስለ ኮርኒሱና ስለ ቆጣሪው ሲወራ ግን ይነሳል። ሽቦ የተቋጠረበትን ፊውዝ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩት። ገመዱ ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ባለው ክፍል ከጋለ ወይም ብልጭታ ካለ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ላይ ይደወላል፤ ከቆጣሪ ወደ ውስጥ ያለው የባለቤቱ ነውና ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። ቆጣሪውን ራሳችሁ አትንኩ።

ከአከራይ ቀጥሎ እድር ወይም ሽማግሌ ነው። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አምስት ሆኖ መሄድ ፍርድ ያስመስለዋል። ቀበሌ የመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም ቀበሌ የሄደ ጉዳይ ወደ ቡና ተመልሶ አይመጣም። ቢሆንም ሕጉ ከእናንተ ጋር መሆኑን እወቁ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስና ጥላሸትም እንዳያደርስ ያስገድዳል። የበርሜል ምድጃው ጫፍ መስኮታችሁ ላይ ከሆነ ይህን አንቀጽ ጥቀሱ። ለአረጋዊት ማንደጃ ግን አትጥቀሱት፤ ያሳፍራል።

ስድስተኛ፦ የራሳችሁን ክፍል ጠብቁ

ንግግሩ እስኪያፈራ ሌሊቶች ያልፋሉ። አልጋችሁን ከጋራው ግድግዳ አንሱ። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት እስኪደፈን በእናንተ በኩል ወደ ውጭ የሚከፈት አንድ መስኮት ጥቂት ክፍት ይሁን፣ ብርዱን በባና ቻሉት። ልጆችን ከዚያ ክፍል አውጡ። ብቻውን ከሚኖር ጎረቤት ጋር የጠዋት ምልክት ተስማሙ፦ እስከ 1 ሰዓት ተኩል በሩ ካልተከፈተ እንደምታንኳኩ አስቀድሞ ይወቅ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ "ምን ላምጣላችሁ?" ሲል ከጫማና ከሽቶ ይልቅ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ ጠይቁት። የጭስ ጠቋሚ ሌላ ነው፣ ይህን አያይም፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ስም አንብቦ እንዲገዛ ንገሩት። በባትሪ የሚሠራው ለእኛ ይሻላል፣ መብራት ሲጠፋ አይተኛም። መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ስትተኙ ጭንቅላታችሁ በሚሆንበት ቁመት ላይ አድርጉት፤ ከመጋረጃና ከቁም ሣጥን ጀርባ አትደብቁት። ጀርባው ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ዓመት ተጽፏል። መሞከሪያ ቁልፉን በወር አንዴ ተጫኑ፤ ጎረቤቶቻችሁም ድምፁን አንድ ጊዜ ይስሙት፣ ሌሊት ሲጮህ የስልክ ደወል እንዳይመስላቸው።